የሞዛይክ ጥበብን መልሶ የሚያነቃቃ የባህል ማዕከል እየነደፍኩ ነው፤ መሃሉ ላይ ምን ላስቀምጥ?

ንድፍ_ላይ

ሰላም ለሁላችሁ። የአርክቴክቸር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የቀድሞውን የሞዛይክ ሙያ መልሶ የሚያነቃቃ የባህል ማዕከል ነው። ርዕሱን የመረጥኩት ወድጄው ነው። ሞዛይክ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳይሆን ራሱ ግድግዳ የሚሆን፣ የሚረገጥ፣ የሚታጠብ፣ ሺህ ዓመት ዝናብና እግር የሚችል ጥበብ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙ የለንም። የሚያሳዝነው ግን አሮጌውን ሥራ ለማየት የሚሰለፈው ሰው ብዙ ሆኖ አዲሱን የሚሠራው እጅ ማነሱ ነው።

የተሰጠኝ የክፍሎች ዝርዝር የታወቀው ዓይነት ነው። የኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ ወርክሾፕ፣ መማሪያ ክፍል፣ መዝገብ ቤት፣ ሱቅ፣ ካፌ። አማካሪዬ አዳራሹ መሃል ይሁን፣ ሌላው ዙሪያውን ይሰለፍ የሚል ሐሳብ አላት። የእኔ ልብ የሚያደላው ወደ ወርክሾፑ ነው፤ ግን እሱን መሃል ለማስቀመጥ "ደስ ስለሚል" ከማለት የተሻለ ምክንያት ያስፈልገኛል።

ሙያውን የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ። ሠራተኛው ከክፍሉ የሚፈልገው፣ እኛ አርክቴክቶች ግን የማናስበው ነገር ምንድነው? ሪባን ተቆርጦ እንግዳው ከተበተነ በኋላስ ማዕከሉ በምን ይኖራል? ማሽን ይግባ ወይስ ሁሉም በእጅ ይሁን? የሚለውም እያከራከረን ነው።

---

ጠጠር_ቆራጭ

የኔ ልጅ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ማዕከል የሚነድፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ሠራተኛውን የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ነው። ጥግ ላይ መስኮት የሌለው ክፍል ይተውለትና "ወርክሾፕ" ብሎ ይጽፍበታል። ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ስለጨረስኩ ሳልቆጥብ ልንገርሽ።

ወርክሾፑን መሃል አድርጊው። ምድር ላይም ይሁን። መጀመሪያ ክብደቱን አስቢ። አንድ ሜትር ኩብ ዕብነ በረድ ወደ 2.7 ቶን ይመዝናል። አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ ብቻውን በካሬ ሜትር 27 ኪሎ ነው፤ ማጣበቂያውና መደቡ ሲጨመርበት አንድ መካከለኛ ፓነል ሁለት ሰው የማያነሳው ይሆናል። ስለዚህ በሩ ሰፊ፣ ወለሉ ደረጃ የሌለው፣ መኪና እስከ በሩ የሚጠጋበት ይሁን። ሁለተኛው መዶሻው ነው። ባህላዊው አቆራረጥ ግንድ ላይ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ የተተከለ መሮ አለው፤ ቁራጩን እላዩ ላይ ይዘሽ ከላይ ባለ ስለት መዶሻ ትመቺዋለሽ። ቀኑን ሙሉ የሚመታ ሰው ፎቅ ላይ ካስቀመጥሽ ከሥሩ ያለው ክፍል ለመማሪያም ለማንበቢያም አይሆንም።

ብርሃን ደግሞ ሁሉም ነገር ነው። እኛ ቀለም አንቀባም፣ ቀለም እንመርጣለን። ከሃያ ዓይነት ግራጫ መሃል አንዱን የሚያነሳ ሰው ትክክለኛ የቀን ብርሃን ያስፈልገዋል። ቀጥታ ፀሐይ በማይመታው ወገን ከፍ ያሉ መስኮቶች ስጪን። ጠረጴዛ ላይ ያማረው ቀለም ግድግዳ ላይ ሲቆም ይሞታል፤ የወርቅ ፍሬማ (ፍሬ የምንለው እያንዳንዱን ትንሽ የሞዛይክ ቁራጭ ነው) ትንሽ ዘንበል ሲል እንኳን ከቢጫ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ስለዚህ ሥራውን አቁመን የምናይበት ባዶ ግድግዳ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ርቀት። ሰፊ የወለል ሞዛይክ እየሠራሽ አፍንጫሽ ሥር ያለውን እንጂ ሙሉውን አታዪም። ከወርክሾፑ በላይ በረንዳ ብትዘረጊልን ሠራተኛው ወጥቶ የራሱን ሥራ ከላይ ያየዋል። ጎብኚውም እዚያው ቆሞ ሥራውን ሳያውክ ያያል። አማካሪሽን የሚያሳምን ምክንያት ከፈለግሽ ይሄውልሽ፤ አንድ በረንዳ ሁለቱንም ያገለግላል።

ውሃና ብናኝ። ይህን አደራ። ሴራሚክ፣ ግራናይትና አሸዋ ድንጋይ ሲቆረጡ የሚወጣው ብናኝ ውስጥ ሲሊካ አለ፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ በኋላ አይወጣም፣ ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታም መድኃኒት የለውም። መቁረጫ ማሽን ሁሉ በውሃ ይሥራ፣ ብናኝ መሳቢያው ከምንጩ አጠገብ ይሁን፣ ደረቅ መጥረጊያ ክፍሉ ውስጥ አይግባ። ውሃው ደግሞ ድንጋይ አዝሎ ስለሚሄድ ቀጥታ ወደ ፍሳሽ ከለቀቅሽው ቱቦው በጥቂት ወራት ይደፈናል። ማጣሪያ ጉድጓድ አስቢበት፤ ዝቃጩ እዚያ ይረጋና በአካፋ ይወጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ክፍሉን ከመንደፍሽ በፊት የትኛው ስልት እንደሚሠራበት እወቂ። በቀጥታ ከሆነ ፍሬው እዚያው እርጥብ ልስን ላይ ይተከላል። በተዘዋዋሪ ከሆነ ንድፉ ተገልብጦ ወረቀት ላይ ይሳላል፣ ፍሬዎቹ በውሃ በሚለቅ ኮላ ፊታቸውን ወደ ታች አድርገው ይለጠፋሉ፣ ከዚያ በቁራጭ በቁራጭ ወደ ግንባታው ይሄዱና ወረቀቱ ረጥቦ ይላጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ስልት ያስፋፋው ጣሊያናዊው ፋኪና የፓሪስን ኦፔራ ቤት በዚህ መንገድ ነው ያስጌጠው። አንደኛው ስልት መሰላልና ልስን ይፈልጋል፤ ሌላው ረጃጅም ጠረጴዛዎችና የደረቀውን ወረቀት የሚደረድሩበት መደርደሪያ።

ከታይል ቁራጭ የሚገጣጠመውን የሞሮኮውን ዘሊጅም ተመልከቺ። ፌዝ ከተማ ላይ ታይሉ መጀመሪያ ይተኮሳል፣ ከዚያ ነው በስለታም መዶሻ የሚጠረበው። ቴቱዋን ላይ ጭቃው ሳይተኮስ ገና ለስላሳ እያለ ይቆረጣል። ያው አንድ ሙያ ነው፤ የምድጃውና የመቁረጫው ቦታ ግን ይገለበጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሠራተኛውን ጠይቂ፣ ከዚያ መስመር አስምሪ።

---

በብርሃን_ፊት

ጋሼ የጻፉትን ሁሉ ተቀብዬ በአንድ ነገር ልከራከር። አዳራሹን እንደ ትርፍ ነገር አትዪው። ሙያው የተዳከመው ሠራተኛ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ ዓይን ስላነሰም ነው። ደንበኛው ልዩነቱን ካላወቀ ለምን ብሎ ይከፍላል? በወንፊት መሰል መረብ ላይ ተለጥፎ የሚመጣውን የፋብሪካ ታይልስ ይገዛና "ሞዛይክ አሠራሁ" ይላል። ሕዝቡን ማየት ማስተማር የማዕከሉ ግማሽ ሥራ ነው።

ግን በመስታወት ሣጥንና በጣሪያ አምፖል አይሆንም። ጣሊያን ራቬና ከተማ ያለው የጋላ ፕላቺዲያ መቃብር ቤት 5ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሠራ ነው። ትንሽ ናት። መስኮቶቿ ስስ አልባስጥሮስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ድንጋይ ናቸው፤ የሚገባው ብርሃን ሞቅ ያለና ደብዛዛ ነው። ሰማያዊው ጣሪያ ላይ ያሉት የወርቅ ኮከቦች ስትራመጂ አብረው የሚንቀሳቀሱ የሚመስሉት ፍሬዎቹ ለጥ ያለ ገጽ ስለሌላቸው ነው፤ እያንዳንዱ ትንሽ ለየት ያለ ዘንበል አለው። ይህን በደማቅ ቀጥተኛ ብርሃን ካየሽው ሥራው ሁሉ ጠፍጣፋ ሥዕል ይሆናል። ስለዚህ የአዳራሽሽ ብርሃን ከጎን ይምጣ፣ ከዝቅታ ይምጣ፣ በቀኑ ሰዓትም ይለዋወጥ። ለጎብኚውም የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስጪው። ሞዛይክ ቆመው የሚያዩት ነገር አይደለም።

የወለሉን ሥራ ደግሞ ወለል ላይ አሳዪ። ብዙ ሙዚየም የወለል ሞዛይክን አንስቶ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ያቆመዋል፤ ያኔ በዙሪያው እየተዞረ እንዲታይ የተሠራው ሥራ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይቀረዋል። ሲሲሊ ያለው ቪላ ሮማና ዴል ካዛሌ የተባለው የጥንት ሮማውያን ቤት ወደ 3,500 ካሬ ሜትር የሚሆን የ4ኛው ክፍለ ዘመን ወለል አለው፤ ሰው የሚያየው ከላይ በተዘረጋ መተላለፊያ ላይ እየሄደ ነው። ለአርክቴክት ሌላም ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራለት ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን ሲታይ ያማረ ነበር፣ ግን ውስጡን እንደ ግሪን ሃውስ አሞቀው። ሙቀቱና እርጥበቱ ሥራውን ጎዳው፣ በመጨረሻም ሽፋኑ ተነስቶ በሌላ ተተካ። ጣሪያሽን ስትነድፊ ይህን አስቢ እህቴ።

---

ማዕከል_አስተዳዳሪ

"በምን ይኖራል?" ላልሽው የማውቀውን ልናገር። የባህል ማዕከል ሠርቼ አይቻለሁ፣ የሚያስጨንቀው ህንፃው አይደለም፣ ከህንፃው በኋላ ያለው ወርሃዊ ወጪ ነው።

በትኬትና በካፌ እኖራለሁ የሚል ማዕከል እጁ ቀስ በቀስ ወደ ሱቁ ይዞራል። ጎብኚ በሻንጣው የሚይዘውን ትንሽ ነገር ይገዛል። ያኔ ጎበዙ ሠራተኛ የፊት መስታወት ክፈፍ ዙሪያ ሲለጥፍ ይውላል፣ ያው አንድ ንድፍ ሺህ ጊዜ ይደገማል፣ ትልቁን ሥራ የሚችል እጅ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ አይገኝም። ሱቁን አልቃወምም። ግን የገቢው ምሰሶ እሱ ከሆነ የምታነቃቂው ጥበብ ሳይሆን ንግዱ ነው።

ምሰሶው ትዕዛዝ መሆን አለበት። የአደባባይ ግድግዳ፣ የትምህርት ቤት መግቢያ፣ የሆስፒታል ኮሪደር፣ የአምልኮ ቤት ጉልላት። ጥሩው ምሳሌ ጣሊያን ፍሪዩሊ ውስጥ ስፒሊምቤርጎ ላይ በ1922 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተከፈተው የሞዛይክ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው። ተማሪው የጥንቱን የሮማ ሥራ ከመቅዳት ይጀምራል፣ ወደ ባይዛንታይኑ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ዘመናዊው። ትምህርት ቤቱ ራሱ ደግሞ ለህንፃዎች ትልልቅ ሥራ እየተቀበለ ይሠራል። ለመማሪያ የተሠራ ልምምድ መጨረሻው ቆሻሻ ገንዳ ነው፤ በእውነተኛ ትዕዛዝ ላይ የተማረ ልጅ ግን ሥራው የሆነ ቦታ ቆሞ ያያል። ያ ልጅ ሙያውን አይለቅም።

ትዕዛዝ ሲባል ደግሞ አንድ ትልቅ ሥራ ስንት ዓመት እንደሚያኖር አስቢ። አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ያለው ካቴድራል ሞዛይኩ በ1912 ተጀምሮ ያለቀው በ1988 ነው። ወደ 41.5 ሚሊዮን ቁራጭ ገብቶበታል። ትውልድ ተቀያይሮበታል። አንድ ሕንፃ ብቻውን ሙያ ያቆያል ማለት ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፤ የራስሽን ማዕከል አትጨርሺው። ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ደረጃውን፣ የግቢውን መቀመጫ ሁሉ መደብ ብቻ አዘጋጅተሽ ባዶ ተዪው። በየዓመቱ የሚመረቁት ልጆች አንድ ክፍል ይሸፍኑ። ማዕከሉ የራሱ የመጀመሪያ ደንበኛ ይሁን። ለሚመጣ አዛዥም የምታሳዪው ካታሎግ አያስፈልግሽም፣ ግቢውን አዙረሽ ማሳየት ነው። ግን በጀቱ ላይ ከመጀመሪያው ይግባ፣ "በኋላ ይታያል" የተባለ ነገር አይታይም።

---

ኖራ_እና_አሸዋ

እኔ የጥገና ሰው ነኝ። እስካሁን ማንም ስላላነሳው ላንሳው። አሮጌ ሥራዎች ባሉበት አካባቢ የሚሠራ ማዕከል አዲስ መሥራትን ብቻ ካስተማረ አደጋ አለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስንት ሞዛይክ ከቦታው ተነስቶ በስሚንቶና በብረት አርማታ ጀርባ ላይ ተተከለ። በቅን ልቦና ነው የተደረገው። ብረቱ ሲዝግ ያብጣል፣ ስሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ከስሚንቶው የሚወጣው ጨው ገጹን ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሮም ላይ የሞዛይክ ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የተመሠረተው እንዲህ ያለው ጉዳይ ባለሙያዎችን ስላስጨነቀ ነው። ዛሬ የሚመከረው ሥራውን ባለበት መጠበቅና ከጥንቱ ጋር የሚስማማ የኖራ ማጣበቂያ መጠቀም ነው። ኖራ ይተነፍሳል፣ ትንሽ ይታጠፋል፣ ሲያስፈልግም ይነሳል።

ስለዚህ ወርክሾፕሽ ውስጥ የኖራ ቦታ ይኑር። ኖራ ከውሃ ጋር ተለንቁጦ በቆየ ቁጥር ይሻላል፤ የሚቆይበት ገንዳ ጥላ ውስጥ ተከድኖ ይቀመጥ። ጥንታውያኑ የወለሉን ሥር በደረጃ ነበር የሚሠሩት። መጀመሪያ ደልዳላ ድንጋይ፣ ከዚያ ሻካራ የኖራ ንብብር፣ ከዚያ ደቀቅ ያለ፣ መጨረሻ ላይ ፍሬው የሚተከልበት ስስ ልስን። ሮማዊው ቪትሩቪየስ በዝርዝር ጽፎታል። ተማሪዎች ይህን አንድ ጊዜ በእጃቸው ሠርተው ጎኑ ተቆርጦ እንዲታይ ግቢው ውስጥ ብታቆሙት ከየትኛውም ሰሌዳ የተሻለ ያስተምራል።

መዝገብ ቤቱንም አታሳንሺው። የወረቀት ብቻ አይሁን። የቀለም መዝገብ ይሁን፤ የእያንዳንዱ ድንጋይ ናሙና ከየት እንደመጣ ተጽፎበት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። አንድ የድንጋይ ካባ ሲዘጋ ያ ቀለም ይጠፋል፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚጠግነው ሰው የሚመለከተው እሱን ነው። የንድፍ ወረቀቶችም በሙሉ መጠናቸው ይቀመጡ፤ ለዚህ ሰፋፊና ጠፍጣፋ መሳቢያዎች ያስፈልጋሉ።

ዮርዳኖስ ውስጥ ማዳባን ተመልከቺ። 6ኛው ክፍለ ዘመን ላይ በሞዛይክ የተሠራው የቅድስት ሀገር ካርታ ያለው እዚያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አዲስ ቤተ ክርስቲያን እላዩ ላይ ሲሠራ ከፊሉ ተጎድቷል። ዛሬ በዚያችው ከተማ ሞዛይክ መሥራትንና መጠገንን አንድ ላይ የሚያስተምር ተቋም አለ። ሁለቱ ሙያ አንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ትክክል ነው፤ የሚጠግን ሰው አሮጌው እጅ እንዴት እንዳሰበ ያያል፣ የሚሠራው ደግሞ ሥራው በምን እንደሚሞት ያውቃል።

---

ንድፍ_ላይ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። በረንዳው ተይዟል። ያላለቀው ግድግዳም ተይዟል፣ እንደውም የንድፉ ዋና ሐሳብ እሱ ሊሆን ነው። አዳራሹንና ወርክሾፑን በግድግዳ ከመለየት አንድ ረጅም ክፍል አድርጌ መሃሉን በመስታወት ብቻ ለመክፈል እያሰብኩ ነው፤ ብናኙ እንዳይሻገር፣ ዓይን ግን እንዲሻገር።

ጋሼ፣ የማሽኑን ነገር ግን አልነገሩኝም። የቡድን ጓደኞቼ በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ በውሃ ግፊት የሚቆርጥ ማሽን ይግባ ይላሉ። የሥራውን ወጪ ይቀንሳል፣ ወጣቱንም ይስባል ነው ክርክራቸው። እርስዎ ምን ይላሉ? ከልጆችና ከሰፈር ሰው ጋርስ ምን ቢሠራ ይሻላል?

---

ጠጠር_ቆራጭ

ማሽን ጠላቴ አይደለም። ትልቁን ድንጋይ ወደ ቀጭን ዘንግ መሰንጠቅ የጉልበት ሥራ ነው፣ እሱን ማሽን ይሥራው። የመጨረሻው ምት ግን በእጅ ይሁን። በመጋዝ የተቆረጠ ገጽ ጠፍጣፋና ደብዛዛ ነው፤ በመዶሻ የተሰበረ መስታወት ግን ገጹ ሕያው ነው፣ ብርሃኑን ይበትናል። እላይ ስለ ራቬና የተጻፈው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኮምፒውተሩን ይበልጥ የምፈራው ንድፉ ላይ ነው። ፎቶ ታስገቢለታለሽ፣ በካሬ በካሬ ከፋፍሎ ይሰጥሻል፣ ሁሉም ፍሬ አንድ መጠን፣ ሁሉም ቀጥ ያለ ረድፍ። ያ ሞዛይክ አይደለም። የእኛ ሙያ የፍሬዎቹ አካሄድ ነው። ጉንጭ ስትሠሪ ረድፉ ጉንጩን ተከትሎ ይዞራል፣ ውሃ ስትሠሪ ይፈሳል፣ ከምስሉ ዙሪያ ያለው የጀርባው ረድፍ እንኳን የምስሉን ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። ተለማማጁ ዓመት የሚፈጅበት እዚህ ላይ ነው እንጂ መቁረጥማ በአጭር ጊዜ ይለመዳል። ስለዚህ ማሽኑን ከቁሳቁስ መጋዘኑ ጎን አድርጊው፣ ከመማሪያው ጠረጴዛ አርቂው።

---

በብርሃን_ፊት

ስለ ልጆቹ እኔ ልመልስ። የተሰበረ ሸክላና ሴራሚክ ነው የሚሻለው። ባርሴሎና ያለው የፓርክ ጉኤል ጥምዝ መቀመጫ የተሸፈነው በስብርባሪ ታይልስ ነው፤ አርክቴክቶቹ ጋውዲና ጁዦል ያን የሠሩት ርካሽና የሚጣል ነገር ይዘው ነው። ለጀማሪ ከባድ መሣሪያ አያስፈልገውም፣ ጥምዝ ገጽ ላይም ይሄዳል። ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ያለው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሌላ ነው። አርክቴክቱና ሠዓሊው ኦጎርማን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አራቱንም የውጭ ግድግዳ የሸፈነው ከአገሪቱ የተለያዩ ቦታዎች በተሰበሰበ የተፈጥሮ ድንጋይ ነው፤ ቀለሙ የድንጋዩ የራሱ ነው። የአካባቢውን ሰው ድንጋይ እንዲሰበስብ ጋብዢ። ኖራ_እና_አሸዋ ያለው የቀለም መዝገብም ከዚያው ይጀመራል።

የልጆቹን ቦታ ግን ዋናው በር አጠገብ፣ ከመቁረጫው ተቃራኒ ጫፍ አድርጊው። ስብርባሪው ለእነሱ ከመቅረቡ በፊት ጠርዙ በድንጋይ ይሞረድ። መታጠቢያውም በእነሱ ቁመት ይሁን።